ያልታዘዘ ሻይ

ልጅቷ እናቷን ከሦስት ወር በኋላ ያየቻት በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ነው። ያየቻትም በስልክ ነው፤ በክፍል ጓደኛዋ መኝታ ቤት ውስጥ፣ ከጓደኛዋ ወንበር ኋላ፣ በሁለት እጇ ትሪ ይዛ።

የዚያን ዕለት የቃል ፈተና ነበር። በወረርሽኙ ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘግቶ ትምህርቱ በስልክና በኮምፒውተር ከሆነ ወዲህ ልጅቷ አንድም ቀን ካሜራዋን ከፍታ አታውቅም። የሌሎቹ ልጆች ፊት በየመስኮታቸው ሲታይ፣ የእሷ መስኮት ጥቁር ሆኖ መሐሉ ላይ የስሟ የመጀመሪያ ፊደል ብቻዋን ተገትራ ትውላለች። ለጠየቃት ሁሉ "ኔትወርኩ አይችልም" ትል ነበር። እውነቱ ግን ቤቱ ነው። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ ከእናቷና ከአያቷ ጋር የሚተኙበት አንድ አልጋ፣ ሦስት ሻንጣ እርስ በርስ ተደራርቦ፣ ግድግዳው ላይ ባለፈው ክረምት ዝናብ የሣለው ቡናማ ካርታ። መምህሩ ግን ትናንት "ነገ ካሜራ ያልከፈተ ዜሮ ነው። ወንድሙን የሚያስፈትን በዝቷል" ብለው ቁርጡን ተናገሩ። ስለዚህ ጠዋት ተነሥታ የአልጋውን አንሶላ ገፈፈችና ከጀርባዋ በአራት ምስማር ወጠረችው። ከአንሶላው ማዶ ደግሞ አያቷን በርጩማ ላይ አስቀመጠቻት።

"እማማ፣ አንድ ሰዓት ብቻ። ሬዲዮ አትክፈቺ፣ አትጥሪኝ፣ ዕቃ አታንሺ።"

"መተንፈስስ ይቻላል?" አለች አያቷ።

"ቀስ ብለሽ።"

አሮጊቷ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣጥፋ፣ ወንጀል እንደሠራ ሰው ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተቀመጠች። ልጅቷ የጆሮ ማዳመጫውን ሰካች፤ አንደኛው ጆሮ ከሞተ ቆይቷል፤ ድምፅ የሚሰማው በግራው ብቻ ነው። ከዚያ ካሜራውን ከፈተችና በፊደሏ ቦታ የራሷን ፊት አየች። የሌላ ሰው ፊት መሰላት።

ሦስት ልጆች ተጠይቀው አራተኛዋ ሚጢ ነበረች። ሚጢ ከክፍሉ ሁሉ ረጅሟ ናት፤ ስሙ የወጣላትም ለዚያው ነው። መምህሩ ድምፅ በብረት ውስጥና በአየር ውስጥ በየትኛው እንደሚፈጥን ሲጠይቋት፣ ሚጢ ዓይኗን ወደ ጣሪያው ሰቅላ ከዚያ መልስ እንደሚወርድላት ስትጠብቅ፣ ከኋላዋ ያለው በር ተከፈተ። አንዲት ሴት ገባች። አረንጓዴ ሻሽ አስራለች፤ ማስኩ ግማሽ ፊቷን ሸፍኖታል። ሻዩን ከጠረጴዛው ጥግ አስቀመጠች። መውጣት ሲገባት ግን አልወጣችም። ጎንበስ አለችና የሚጢን ኮምፒውተር ትኩር ብላ ማየት ጀመረች፤ ዓይኗ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው እየተሻገረ፣ ገበያ መሐል ልጅ እንደጠፋባት ሰው። ከዚያ ዓይኗ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ልጅቷም ያንን ዓይን አወቀችው። እናቷ ናት። ጉንጯ ማስኩ ሥር ጎድጉዷል፤ ትሪውን የያዘው አንጓዋ የሕፃን አንጓ አክሏል።

ልክ ያን ጊዜ ሴትዮዋ ሳለች። አንድ ጊዜ አይደለም። ክንዷን አፏ ላይ ይዛ እየታገለችው፣ ሳሉ ግን እንደ ጋሪ እየጎተታት፣ እስክትጎብጥ ድረስ ሳለች። ከክፍሉ ውጪ፣ ከማይታየው ቦታ፣ የሚጢ እናት ድምፅ መጣ።

"ዛሬም ገባሽ? ስንት ጊዜ ነው የምነግርሽ! ሻይ ማን ጠየቀሽ? ልጄ ላይ ትስያለሽ ደግሞ! እንዴት ያለች ሴት ናት ባካችሁ፤ ትምህርት ሲጀመር እየጠበቀች የምትገባው ምን ልትሰልል ነው? ውጪ! ከዚህ ቤት ውጪልኝ!"

ሚጢ ደንግጣ ድምፁን ለመዝጋት የማይሆን ቁልፍ ትነካካለች። ሠላሳ አምስት ልጅ ሁሉንም ሰማ። የክፍሉ ቀልደኛ፣ ሁልጊዜ ከኋላ ወንበር የማይጠፋው ልጅ፣ ማይኩን ከፍቶ "ቲቸር፣ አዲስ ተማሪ መጥታለች፤ ይመዝግቧት እንጂ" አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ልጆቹ ሰው ሳያዩ፣ አብረው ሳይስቁ ስንት ወር ስለከረሙ ይሆናል፣ ሳቁ አልቆም አለ፤ ሠላሳ አምስት መስኮት ሙሉ ጥርስ ሆነ። ልጅቷ በመስኮቶቹ መሐል የራሷን ፊት አየች። እሷም ስቃለች። መቼ እንደጀመረች አታውቅም፤ እንዴት እንደሚያቆሙትም ጠፋባት። ካሜራው ከበራ ሁሉም ያያታል፤ ያልሳቀች ብቸኛዋ ልጅ ብትሆን "አንቺ ምን ሆነሽ?" ይሏታል። ከንፈሯ ከጆሮዋ ጋር የተሰፋ ይመስል እንደ ተከፈተ ቀረ። እናቷ ቀና አለችና ትሪውን ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ ፊቷን ከኮምፒውተሩ ሳታነሣ የኋሊት ወጣች።

"በቃ! በቃ!" አሉ መምህሩ። "የሰው ቤት ነው፤ ነውር ነው።" ሳቁ እየተንጠባጠበ አለቀ። መምህሩ ወረቀታቸውን አገላበጡና "ተረኛዋ አንቺ ነሽ። ያንኑ ጥያቄ መልሺልኝ" አሏት።

ልጅቷ መለሰች። ድምፅ በብረት ውስጥ ይፈጥናል አለች፤ ለምን እንደሆነም አስረዳች፤ ቁጥሩንም ጨመረችበት። አንድም ቃል አልተደነቃቀፈባትም። መምህሩ "ሙሉ ነጥብ። እንዲህ ነው ጥናት" አሉ። ከዚያ ስልኩን አጠፋች።

እናቷ እዚያ ቤት መሥራቷን ከክፍሉ ልጆች ማንም አያውቅም፤ ሚጢም አታውቅም። ልጅቷ ያን ትምህርት ቤት የገባችው ተወዳድራ በነጻ ነው። እናቷ ደግሞ አምና በደላላ በኩል ሥራ አግኝታ፣ በሦስተኛው ቀን ልብስ ስታሰጣ የልጇን የመሰለ ዩኒፎርም እጇ ገባ። ማታ ይህን ከተናገረች በኋላ ትንፋሽ ሳትወስድ ውሳኔውን ጨመረች። "እዚያ እኔ አላውቅሽም፤ አንቺም አታውቂኝም። የቀረሽ ሁለት ዓመት ነው። የሠራተኛ ልጅ እያሉ አንጀትሽን አያቃጥሉብኝ።" ልጅቷ አልተከራከረችም። እንዲያውም በውስጧ ቀለል ብሏት ነበር፤ ያ ቅለት እስከ ዛሬ ያሳፍራታል። በሽታው ሲመጣ አሠሪዋ "ወይ እዚሁ ታድሪያለሽ፣ ወይ ይቅርብሽ፤ ከታክሲ ወርዶ ቤቴ የሚገባ ሰው አልፈልግም" ስትል እናቷ ልብሷን ቋጥራ ገባች፤ ስልኳን ለልጇ ትምህርት ትታላት። ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ ከዘበኛው ስልክ ትደውላለች። "ደህና ነኝ። እማማ ደህና ናት? አጥኚ።" ሁለት ደቂቃ አይሞላም።

"ጨረስሽ?" አለች አያቷ ከአንሶላው ማዶ። "ልዙር?"

"ዙሪ እማማ።"

"ስትስቂ ሰማሁሽ። ምን ተገኝቶ ነው?"

"አንድ ልጅ ቀልዶ ነው።"

"እሰይ፤ ሳቂ። ቤቱ ሳቅ ከረሳ ሰነበተ።"

ልጅቷ አንሶላውን ነቅላ አልጋው ላይ መለሰች። አንደኛው ምስማር አንሶላውን የጣት ያህል ቀዶት ነበር። ለአያቷ ትናንት የቀረውን ዳቦ ቆርሳ ከሻይ ጋር አስቀመጠችላትና የስልክ ካርድ ልትገዛ እንደምትወጣ ነገረቻት። አያቷ ለካርድ ማስክ አድርጎ፣ የወጪ ጫማ አጥልቆ መውጣት ለምን እንዳስፈለገ አልጠየቀችም። ዳቦዋን ሻይዋ ውስጥ እየነከረች ልጅቷ በሩን እስክትዘጋ ድረስ ጫማዋን ብቻ አየች።

ታክሲዎች ግማሽ ሰው ጭነው እጥፍ ስለሚያስከፍሉ በእግሯ ሄደች። ከተማው በዓመቱ መሐል ሰው ትቶት የሄደ ቤት ይመስል ነበር። የልብስ ስፌት ሱቆቹ ተዘግተዋል፤ ከመካከላቸው አንዱ ብቻ በሩን ገርበብ አድርጎ ማስክ ይሰፋል፤ ከመጋረጃ ተራፊ የተሰፋ አበባ አበባ ያለበት ማስክ ደጁ ላይ በገመድ ተሰቅሏል። በየባንኩ በር ላይ ቧንቧ የተገጠመለት የውሃ በርሜልና ሳሙና አለ፤ ሳሙናው እንዳይሰረቅ በሲባጎ ታስሯል። ዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት በኖራ ክብ ክብ ተሠርቶ ሰው በየክቡ ውስጥ ቆሟል፤ አንዲት ሴትዮ ከክቧ ወጥታ ከፊቷ ላለችው ሴት ወሬ ልታቀብል ስትል ዳቦ ሻጩ "እናት፣ ቤትሽ ግቢ!" አላትና ተራ የያዘው ሁሉ ሳቀ። ልጅቷ ሳቁን ስትሰማ እርምጃዋን አፈጠነች። ጆሮዋ ውስጥ፣ በግራው በኩል፣ ያ ሳል ነበር። እናቷ በሕይወቷ ስትስል ሰምታት አታውቅም። ጉንፋን ሲይዛት እንኳ "ጉንፋን እረፍት ላለው ሰው ነው" እያለች የምትሄድ ሴት ናት።

ሰፈሩ ሲቀየር መንገዱ ራሱ ዝም አለ። አጥሩ ከፍ፣ በሩ ሰፋ፣ ዛፉ ከአጥር ወዲያ ሆነ። ቤቱን አንድም ቀን አይታው ባታውቅም እናቷ ስትናገር ሰምታ በልቧ ታውቀዋለች፤ ከመድኃኒት ቤቱ ቀጥሎ፣ ግራጫ በር፣ በሩ ላይ የአንበሳ ራስ። አንኳኳች። ትንሿ መስኮት ተከፈተችና የሽማግሌ ዓይን አያት።

"ጋሼ፣ እናቴን..." አለች።

"የእሁዷ ልጅ ነሽ?" አለ ዘበኛው። "ድምፅሽን አውቀዋለሁ። ማን ነገረሽ?"

"ምኑን?"

ሽማግሌው መስኮቷን ዘጋና ወደ ውስጥ ሄደ። ጥቂት ቆይቶ ትንሹ በር ተከፈተና መጀመሪያ አንድ ሻንጣ ወጣ፤ ዘበኛው በዱላ ጫፍ ገፍቶ ነው ያወጣው። ከኋላው እናቷ ወጣች። ያ አረንጓዴ ሻሽ፣ እግሯ ላይ ነጠላ ጫማ፣ እጇ ውስጥ አንድ ፌስታል። ልጅቷን ስታይ ቆመች። ደስታም ድንጋጤም በአንድ ጊዜ ፊቷ ላይ ወጡና ድንጋጤው አሸነፈ፤ ዞር ብላ ፎቁን አየች።

ፎቁ ላይ የሚጢ እናት በረንዳው ላይ ወጥታለች፤ በፎጣ አፏን ይዛለች። ከታች ደግሞ ሌላዋ ሠራተኛ በረኪና የተሞላ መርጫ ይዛ፣ እናቷ የረገጠችውን ድንጋይ ሁሉ እየተከተለች ትረጫለች። ከሳሎኑ ደረጃ እስከ በሩ ድረስ የእናቷ የእግር መንገድ እርጥብ ሆኖ ያበራ ነበር።

"አትቀየሚኝ!" አለች ሴትዮዋ ከላይ። ድምፅዋ የጠዋቱ አልነበረም፤ ሊያለቅስ የደረሰ ድምፅ ነው። "ባሌ ስኳር አለበት! የአንቺ ባል ቢሆን አንቺም ይህንኑ ታደርጊ ነበር!"

"አልቀየምኩም እትዬ" አለች እናቷ፤ ግን ድምፅዋ እዚያ ድረስ የሚወጣ አልነበረም።

ልጅቷ ቀና ስትል ከበረንዳው ጎን ባለው መስኮት ሚጢን አየቻት። ሚጢ ጆሮ ማዳመጫዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ቆማለች። መጀመሪያ አላወቀቻትም፤ ማስኩ አሳስቷት ነው። ከዚያ ልጅቷ ማስኳን ዝቅ አደረገችና "እማዬ፣ ሻንጣውን ስጪኝ" አለች፣ ከሚያስፈልገው በላይ ጮክ ብላ። የሚጢ አፍ ተከፈተ። እጇን ወደ መስታወቱ አነሣች፤ ሰላም ልትል ይሁን መስኮቱን ልትከፍት አይታወቅም፤ እጇ እዚያው መስታወቱ ላይ ቀረ።

"ሂጂ፤ አትዪ" አለች እናቷ። "ሻንጣውን እኔ እይዘዋለሁ። አንቺ ራቅ በይ። ከፊት ሂጂ።"

እናትና ልጅ በመንገዱ ሁለት ዳር ሄዱ። እናቷ ሃያ እርምጃ እየሄደች ትቆማለች፤ አጥር ትይዝና ትስላለች፤ ልጅቷም ማዶ ቆማ ትጠብቃለች። ልትጠጋ ስትል እናቷ መዳፏን ታነሣለች፤ እንደ ትራፊክ ፖሊስ። አንዴ ልጅቷ ሳትሰማት ቀርታ ሻንጣውን ከእጇ ነጠቀቻት፤ እናቷም ለመከልከል ትንፋሽ አጣች። ከመድኃኒት ቤቱ አለፍ ብሎ የፈረሰ የአውቶቡስ መጠለያ ነበር። እናቷ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ልጅቷ በሌላኛው ጫፍ። በመካከላቸው ሦስት ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ነበር።

"እማዬ፣ ሻይ አልጠየቁሽም አይደል?" አለች ልጅቷ።

"ማንም አልጠየቀኝም።"

"ታዲያ ለምን ገባሽ?"

እናቷ ፌስታሉን እጇ ላይ ጠመዘዘችው። "አንቺን ላይ ነዋ" አለች፤ ይህም ይጠየቃል እንዴ በሚል ድምፅ። "አንድ ቀን ክፍሏን ልጠርግ ገብቼ ኮምፒውተሯ ላይ ልጆቹን ሁሉ አየኋቸው። ትንንሽ ሆነው፣ እንደ ቴምብር ተደርድረው። የእኔዋም እዚህ ውስጥ አለች አልኩ። ስፈልግሽ ፊት የለሽም፤ ፊደልሽ ብቻ። ፊደልሽን አውቃታለሁ፤ ደብተርሽ ሁሉ ላይ አለች። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሻይ ይዤ እገባለሁ። ፊደሏ ካለች ልጄ እየተማረች ነው፣ አልታመመችም ብዬ ደስ ብሎኝ እወጣለሁ። ዛሬ ግን..." ሳሉ መጣና አቋረጣት። አሳልፋው ዓይኗን ጠረገች። "ዛሬ ግን ፊትሽ ነበር። እግሬ ከመሬቱ ጋር ተጣበቀ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ቶሎ መውጣት ነበረብኝ።"

ከፊታቸው ባዶ አውቶቡስ አለፈ።

"እማዬ፣ እኔም ሳቅሁ" አለች። "ሲስቁብሽ እኔም ሳቅሁ።"

"አየሁሽ።"

"አየሽኝ?"

"እያየሁሽ አይደል እንዴ የወጣሁት?" እናቷ ማስኩን ስታስተካክል ዓይኖቿ ጠበቡ፤ ፈገግ ስትል እንደዚያ ነው የሚሆኑት። "ምን እንዳሳቃችሁ አልሰማሁም። ጥርስሽን ካየሁ ግን ስንት ጊዜዬ መሰለሽ! አንቺ ልጅ ከትምህርቱ በቀር ምንም አታውቂም ስል እኮ ነው የከረምኩት።"

ልጅቷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች። እናቷ ሦስት ሰው የሚያስቀምጠውን ባዶ ቦታ አየችው፤ እጇን አነሣችና መልሳ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። "ተይ" አለች ብቻ። "ተይ፣ የኔ እናት። ሰው ያየናል።"

ቤት እንሂድ ብትላት እናቷ አሻፈረኝ አለች። "እማማን ልግደላት? በዚያች ክፍል ውስጥ አንዳችን ስንተነፍስ ሌላችን ነው የምንስበው።" ይህን ቀድማ አስባበታለች፤ የአሠሪዋን ደረጃ ስትወርድ የምትሄድበትን ታውቅ ነበር። ከአስፋልቱ ማዶ ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ልጅቷ ራሷ እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማረችበት፣ የሕሙማን ማቆያ ሆኗል።

በሩ ላይ ገመድ ተወጥሯል። ከገመዱ ወዲያ፣ ተማሪ ሲሰለፍበት በነበረው ሜዳ ላይ አንዲት ነርስ ከራስ እስከ እግር ጥፍሯ ነጭ ለብሳ በተማሪ ዴስክ ላይ ተቀምጣለች፤ የሚታየው ዓይኗ ብቻ ነው። እናቷን ከፊቷ ባለው ሌላ ዴስክ ላይ አስቀመጠቻት። ዴስኩ ለአሥር ዓመት ልጅ የተሠራ ነበርና ጉልበቷ አልገባ ብሎ በጎን ተቀመጠች።

"ይኸው በስተርጅና ትምህርት ቤት ገባሁ" አለች እናቷ ወደ ልጅቷ ዞር ብላ። ነርሷ ከማስኩ ውስጥ ሳቀች፤ የሳቋ ድምፅ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስል ነበር። ከዚያ ዕድሜዋን፣ ሥራዋን፣ ሰፈሯን ጠየቀቻት።

"ሳሉ ከጀመረሽ ስንት ቀን ሆነሽ?"

እናቷ ልጅቷን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "አሥራ ሁለት።"

አሥራ ሁለት ቀን። በመካከሉ ሁለት እሁድ አለ። ሁለት ጊዜ "ደህና ነኝ፤ አጥኚ" ብላለች። ልጅቷ እነዚያን ሁለት ጥሪዎች ለማስታወስ ሞከረች፤ ድምፅዋ ሻክሮ ነበር? ቶሎ ነበር የዘጋችው? ምንም ትዝ አላላትም። ባለፈው እሁድ ስልኩን በትከሻዋ ይዛ የሒሳብ ጥያቄ እየሠራች ነበር።

ነርሷ በታማሚዋ ጣት ላይ የሰካችውን ትንሽ የኦክስጅን መለኪያ ሁለት ጊዜ አየችው። ወደ ኋላ ዞራ ለአንድ ሰው በእጇ ምልክት ሰጠች፤ ከክፍሎቹ በአንዱ በር በኩል ተሽከርካሪ ወንበር ወጣ። "እንግዲህ ጠያቂ አይገባም" አለች ልጅቷን። "በስልክ ብቻ ነው። ስልክ አላት?"

"የላትም" አለች እናቷ።

"አላት" አለች ልጅቷ።

ስልኩን ከኪሷ አወጣች። እናቷ ከዴስኩ ላይ እጇን እያወዛወዘች "አይሆንም! ነገ ሒሳብ ነው፤ ከነገ ወዲያ ኬሚስትሪ! አብደሻል?" አለች። ልጅቷ ገመዱ ሥር ጎንበስ ብላ አልፋ ስልኩን ከነቻርጀሩ ዴስኩ ላይ አስቀመጠችው፤ ወዲያው ተመልሳ ከገመዱ ወጣች። ነርሷ ቆጣ ልትል ጀምራ ተወችው።

"የቤት አከራያችን ቁጥር ስልኩ ውስጥ 'አ' ላይ አለ። ማታ ማታ እሷ ጋ ደውይ፤ እኔ ደጃፏ ላይ እሆናለሁ" አለች ልጅቷ።

"ውሰጂው እላለሁ! ሁለት ዓመት ሙሉ ለምንድን ነው የለፋሁት? አንቺ ልጅ! ውሰጂው!" እናቷ ልትነሣ ሞከረች፤ ግን ገመዱን ማለፍ አይቻልም፤ ትንፋሹም የለም። ወንበሩ ላይ ሲያስቀምጧት ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ነበር። ወንበሩ ጠጠሩ ላይ እየተንገጫገጨ ሲሄድ ወደ ኋላ መዞር አልቻለችም፤ ሻሿ ብቻ ግራና ቀኝ ይንቀሳቀሳል። አምስተኛ "ሀ" የሚል ጽሑፍ ያለበት በር ጋ ሲደርሱ ወደ ውስጥ ታጠፉ። የነገው የሒሳብ ፈተና፣ የከነገ ወዲያውም፣ አብረዋት ገቡ። ልጅቷ ሌላ ሰው ወንበሩን ባዶውን ገፍቶ እስኪያወጣው ድረስ ቆማ ጠበቀች። ሌላ የምትጠብቀው ነገር ስላልነበረ ሄደች።

ወደ ቤት ስትቃረብ ፀሐይዋ ጣሪያው ላይ ነበረች። ደጃፉ ላይ ባለው ቧንቧ እጇን ታጠበች፤ ፊቷን ታጠበች፤ ጫማዋን ውጪ አወለቀች። የእናቷን ሻንጣ በረኪና ረጭታ ከዝናብ መውረጃው ሥር፣ አያቷ በማታይበት በኩል አስቀመጠችው። ስትገባ አያቷ ከአልጋው ጠርዝ ላይ ሆና የተቀደደውን አንሶላ በመርፌ ትጠቅም ነበር። ልጅቷ ከበሩ አጠገብ፣ ከአልጋው የራቀው በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ማስኳን አላወለቀችም። አያቷ መርፌውን አንድ ጊዜ አሳለፈች፣ ሁለት ጊዜ አሳለፈች፤ ቀና አላለችም።

"እዚያ ማቆያ ነው የገባችው?" አለች።

ልጅቷ ደነገጠች። "ማን ነገረሽ?"

"ማን ይነግረኛል። ካርድ ልትገዛ የሄደች ልጅ ዓይኗ አብጦ፣ ከእኔ ርቃ ደጃፍ ላይ ስትቀመጥ እናቷን አገኘች ማለት ነው። የወለድኳት እኔ አይደለሁ?" ክሩን በጥርሷ ልትበጥስ ሞከረች፤ ጥርሷ አልያዘላትም፤ ተወችው። "ታማለች?"

"ትንሽ ሳል ነው እማማ።"

"ምግብ ይሰጧቸዋል?"

"ይሰጧቸዋል።"

"ብርድ ልብስስ?"

"ሁለት ሁለት ነው የሚሰጧቸው።"

አሮጊቷ አንሶላውን ጭኗ ላይ ዘርግታ የሰፋችውን በመዳፏ አስተካከለችው። ጎረቤት ቤት የአንድ ሰው ሬዲዮ የዕለቱን የታማሚ ቁጥር ሲናገር ይሰማል፤ ሁለቱም እንዳልሰሙ ሆኑ።

"አልጋዋን አየሽው?"

ልጅቷ ያየችው በር ብቻ ነው፤ በሩም ላይ የተጻፈውን። "አየሁት" አለች። "ንጹሕ ነው። በመስኮት በኩል ነው የሰጧት።"

አያቷ ራሷን ነቀነቀች፤ ደጋግማ ነቀነቀች። "መስኮት ጥሩ ነው" አለች። "አየር ታገኛለች።"